የሰረቀና የፋቀ፦ ከሙዚየም ስብስብ ዕቃ ስለ ማውጣት

ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ዘውድ በጫኑበት ዓመት፣ ኦገስት 10 ቀን 1872 እ.ኤ.አ.፣ ለእንግሊዝ መንግሥት በላኩት ደብዳቤ ሁለት ነገሮች እንዲመለሱላቸው ጠየቁ። አንደኛው የክብረ ነገሥት መጽሐፍ ነው። ሁለተኛው ኩርዓተ ርእሱ በመባል የሚታወቀው፣ ነገሥታቱ በዘመቻ ጊዜ ሳይቀር ይዘውት ይወጡ የነበረው የክርስቶስ ሥዕል ነው። ሁለቱም ከአራት ዓመት በፊት ከመቅደላ አምባ የተዘረፉ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መጽሐፉን የፈለጉበትን ምክንያት ሲያስረዱ፣ ያለ እርሱ የአገራቸው ሰው ትእዛዛቸውን እንደማይቀበል ገልጸው ነበር።

የመጽሐፉ ጥያቄ መልስ ለማግኘት አራት ወር ያህል ፈጀ። የብሪቲሽ ሙዚየም ባለአደራዎች ከመቅደላ ከመጡት ብራናዎች መካከል ሁለት የክብረ ነገሥት ቅጂዎች ነበሯቸውና አንዱን አስቀርተው ሌላውን ለመመለስ ወሰኑ፤ ዲሴምበር 14 ቀን 1872ም መለሱት። በራሱ በመጽሐፉ ላይ፣ በባለአደራዎቹ ትእዛዝ ለኢትዮጵያ ንጉሥ የተመለሰ መሆኑን የሚገልጽ፣ ቀኑንና የሙዚየሙን ዋና ኃላፊ ስም የያዘ ማስታወሻ ተጻፈበት። ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ዩግ ለ ሩ በዐፄ ምኒልክ እጅ የነበረውን ክብረ ነገሥት ሲመለከት፣ ከመቅደላ ወጥቶ የተመለሰው እርሱ ራሱ መሆኑን ያወቀው በዚያ ማስታወሻ ነው።

የሥዕሉ ዕጣ ሌላ ሆነ። ለንጉሠ ነገሥቱ የተላከው መልስ፣ ሥዕሉ ተፈልጎ አልተገኘም፣ ወደ እንግሊዝ አገርም የመጣ አይመስልም የሚል ነበር። ሥዕሉ ግን እዚያው እንግሊዝ አገር፣ በሪቻርድ ሆምዝ እጅ ነበር። ሆምዝ የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ ሆኖ ከዘመቻው ጦር ጋር ወደ መቅደላ የተላከ ሰው ነው፤ ብራናዎቹን ለሙዚየሙ ሲሰበስብ ሥዕሉን ለራሱ አስቀረው። የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ለንደን ሲደርስ እርሱ የዊንዘር ቤተ መንግሥት መጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኖ ነበር። ሥዕሉ በ1917 እ.ኤ.አ. በጨረታ ቀረበ፤ ኋላም ወደ ፖርቱጋል ተሻግሮ በግለሰብ እጅ ቀረ።

ደብዳቤው አንድ፣ ዘረፋው አንድ፣ ሰብሳቢውም አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ዕቃዎች መጨረሻ እንዲህ የተለያየው ከተጠያቂዎቹ ቸርነት ወይም ንፍገት የተነሣ ብቻ አይመስለኝም። መጽሐፉ በሙዚየሙ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ሥዕሉ ግን በማንም መዝገብ ላይ አልነበረም። ስለ መጽሐፉ የሚጠየቅ፣ የሚፈልግና የሚወስን አካል ነበር፤ ስለ ሥዕሉ አፉን የዘጋ አንድ ሰው ብቻ።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቅርስ ማስመለስ ለመጻፍ አይደለም፤ በዚያ ላይ ከእኔ የተሻሉ ብዙ ጽፈውበታል። በእኛ ዘንድ እምብዛም የማይነገርለት ጉዳይ አለ፤ እርሱም ሙዚየም ከስብስቡ ውስጥ አንድን ዕቃ በኃላፊነት የሚያወጣበት ሥርዓት ነው። የገባበትን መንገድ ለጊዜው ብንተወው፣ የ1872ቱ ክብረ ነገሥት ከሙዚየም በሥርዓት የወጣ ዕቃ ነው። ጥያቄ ቀርቦበታል፤ ሥልጣን ያለው አካል ወስኖበታል፤ ለምንና መቼ እንደ ወጣ፣ ለማን እንደ ተሰጠም ተጽፎበታል። በአገራችን ካሉት ሙዚየሞች ስንቶቹ፣ ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ከእጃቸው ስለ ወጣ አንድ ዕቃ ይህን ያህል መናገር ይችሉ ይሆን?

ብዙዎቻችን የምንኖርበት እምነት ወደ ሙዚየም የገባ አይወጣም የሚል ነው። እምነቱ ክቡር ነው፤ ከዝርፊያ ታሪካችንም የተወለደ ነው። ነገር ግን ዕቃ ይወጣል። ብል የበላው ልብስ፣ ነቀዝ የቦረቦረው ከበሮ፣ የዝናብ ውኃ የገባበት ሣጥን፣ ለዐውደ ርእይ ተውሶ ሄዶ ሳይመለስ የቀረ መስቀል፣ ኃላፊ ሲለወጥ ከቢሮ ወደ ቢሮ ተዛውሮ የት እንደ ደረሰ የማይታወቅ ወንበር፣ ሁሉም ወጥተዋል። የማውጫ ሥርዓት አለመኖሩ ዕቃው እንዳይወጣ አያግደውም፤ መውጣቱ እንዳይታወቅ ያደርገዋል እንጂ። በዚህ ጽሑፍ ልሟገትለት የምሻው ነገር ይኸው ነው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ አለመሆኑን ያው የብሪቲሽ ሙዚየም በ2023 እ.ኤ.አ. አሳይቶናል። 2,000 ያህል ዕቃዎች ጠፍተው፣ ተሰርቀው ወይም ተጎድተው መገኘታቸው ሲታወቅ የሙዚየሙ ዳይሬክተር ሥራቸውን ለቀቁ። ከጠፉት ብዙዎቹ ትንንሽ የከበሩ ድንጋዮችና ጌጣጌጦች ነበሩ፤ በአግባቡ ተመዝግበው ስላልነበሩም ጉድለታቸውን ቀድሞ ያስተዋለው ከሙዚየሙ ውጭ ያለ ነጋዴ ነበር። ሕጉ አንድም ዕቃ በቀላሉ እንዳይወጣ አጥብቆ በሚከለክልበት ቤት ውስጥ ሁለት ሺህ ያህል ዕቃ የደረሰበትን ደረሰበት።

የራሴን ላንሣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመመረቂያ ጽሑፌ መረጃ ስሰበስብ በአንድ የክልል ሙዚየም ዕቃ ቤት ውስጥ ጥቂት ቀናት አሳለፍሁ። ከመደርደሪያው ሥር፣ ከተሰበረ የማሳያ መስታወት ጎን፣ የብር ጌጡ የተነቀለ የጎሽ ቆዳ ጋሻ ወድቆ አየሁ። ጠርዙን ተባይ በልቶታል። ቁጥር ፈለግሁበት፤ የለውም። ዕቃ ቤት ጠባቂውን ስጠይቃቸው፣ «እሱ የኛ አይደለም» አሉኝ። የማን እንደ ሆነ ግን አያውቁም። በዚያ ቀን ፎቶ አንሥቼው ወደ ሥራዬ ተመለስሁ፤ ለማንም አላመለከትሁም። ለማን እንደሚመለከት አላውቅም ነበርና።

የብራና ጸሐፊዎቻችን ይህን ነገር ጠንቅቀው ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ። በየገዳማቱ መጻሕፍት ላይ የሚነበበው የውግዘት ቃል ሁለት ሰዎችን በአንድነት ያስራል፦ ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ፤ የሰረቀውንና የፋቀውን። ሰራቂው መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል። ፋቂው ግን መጽሐፉን ከቦታው ሳያንቀሳቅስ፣ የማን እንደ ሆነና ማን እንደ ሰጠው የሚናገረውን ጽሑፍ ብቻ ያጠፋል። ሁለቱ በአንድ ውግዘት መታሰራቸው የመዝገብን ክብር ከዕቃው ክብር እኩል ማድረግ ነው። በወንጌሎቻቸው ባዶ ገጾች ላይ ርስትና ጉልት፣ ስጦታና ንዋየ ቅድሳት እየዘረዘሩ ያቆዩልን ሰዎች የስብስብ አስተዳደርን ትምህርት ከውጭ የሚጠብቁ አልነበሩም።

ወደ ሙያው ስንመለስ፣ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። አንደኛው ዕቃውን ከስብስብ መዝገብ ማውጣት ነው፤ ይህ ውሳኔ ነው፣ በወረቀት ላይ የሚፈጸም። ሁለተኛው ዕቃውን በአካል ማስወገድ ነው፤ ለሌላ ሙዚየም መስጠት፣ ለባለቤቱ መመለስ፣ ለመማሪያነት ማዛወር፣ መሸጥ፣ መጨረሻ ላይም ማጥፋት። ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስሕተት ሁለተኛው ከመጀመሪያው መቅደሙ ነው። ዓለም አቀፉ የሙዚየሞች ምክር ቤት የሥነ ምግባር ደንብ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፦ የሚወጣው ዕቃ ትርጉም፣ ሕጋዊ ይዞታና በመውጣቱ ሊታጣ የሚችለው የሕዝብ አመኔታ አስቀድሞ ይመረመራል፤ ውሳኔው የሙዚየሙ የበላይ አካል ነው፤ ሙሉ መረጃው ተጠብቆ ይቆያል፤ ዕቃው በቅድሚያ ለሌላ ሙዚየም ይቀርባል፤ ገንዘብ ከተገኘበት ለስብስቡ ጥቅም ብቻ ይውላል፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም ሆኑ ቤተሰቦቻቸው ዕቃውን መግዛት አይችሉም። ደንቡን ያነበበ ሁሉ ይስማማበታል። አስቸጋሪው ነገር «ይህ ዕቃ አያስፈልገንም» የሚለው ፍርድ በምን ላይ ይቆማል የሚለው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያታልለው ምክንያት ድርብነት ነው። «ሁለት አለን፤ አንዱ ይበቃናል» ማለት ለማንም ጤናማ አእምሮ ይቀለዋል። በ1872ም ነገሩን ያቀለለው ይኸው ነበር፤ እኛም ተጠቅመንበታል። ይሁን እንጂ በእጅ የተጻፈ መጽሐፍ ድርብ የለውም። የጸሐፊው እጅ ይለያያል፤ በኅዳግ የሰፈረው ማስታወሻ ይለያያል፤ በባዶ ገጹ ላይ የተመዘገበው የመሬት ስጦታ ወይም የሹም ስም በሌላው ላይ አይገኝም። የክብረ ነገሥትን ታሪክ ብቻ ለሚፈልግ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ የአንድን ደብር ታሪክ ለሚፈልግ ግን ሁለት የተለያዩ ሰነዶች ናቸው። ድርብነት በዕቃው ላይ ያለ ጠባይ አይደለም፤ በጊዜው በምንጠይቀው ጥያቄ ልክ የሚሰፋና የሚጠብ ነው።

የቤኒን የነሐስ ሥራዎች ታሪክ ይህን ያስረዳል። የእንግሊዝ ጦር በ1897 እ.ኤ.አ. ከቤኒን ቤተ መንግሥት የዘረፋቸው የግድግዳ ሰሌዳዎች በብዛት ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ። ሙዚየሙም ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1972 ባለው ጊዜ ከ30 በላይ የሚሆኑትን ድርብ ናቸው በሚል ሸጠ፣ ለወጠ። ከገዢዎቹ መካከል በዚያን ጊዜ በቅኝ ግዛት ሥር የነበረችው የናይጄሪያ አስተዳደር ትገኝበታለች፤ ከራሷ ምድር የተዘረፈውን በገንዘቧ ገዛች ማለት ነው። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች እንዳመለከቱት፣ ከሰሌዳዎቹ ብዙዎቹ ተመሳስለው የተሠሩት በቤተ መንግሥቱ ምሰሶዎች ላይ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲቆሙ ነው። መመሳሰላቸው የጥበቡ አካል ነበር። ሙዚየሙ ግን ያንኑ መመሳሰል ለመሸጥ ምክንያት አደረገው። ዕውቀቱ ከሽያጩ በኋላ መጣ፤ ሙዚየሙም መጸጸቱን ገልጿል፤ የተሸጠው ግን በጸጸት አይመለስም።

ይህን ወደ ራሳችን ስናመጣው ነገሩ ይከብዳል። በ1963 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውና በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም በመስቀልና በሥዕል ስብስቡ የታወቀ ነው። ላላወቀ ሰው አንዱ የመጾር መስቀል ከሌላው፣ አንዱ ክታብ ከሌላው አይለይም። ነገር ግን ክታብ የተጻፈው ለአንድ ሰው ነው፤ የክርስትና ስሙን ይዟል፤ ርዝመቱም ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ነው። አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነገ ተነሥቶ የሃምሳ ክታቦችን የቀለም ውህደት ወይም የሴቶችን ስም ቢያጠና፣ ትናንት ድርብ ይባሉ የነበሩት ሃምሳው ሁሉ የማይነጣጠሉ ማስረጃዎች ይሆናሉ። ስለዚህ በድርብነት ስም ዕቃ ለማውጣት የሚቀርብ ሐሳብ ሁሉ ዕቃውን ለምርምር በሚፈልግ ሰው ፊት ማለፍ አለበት ባይ ነኝ። ዕቃ ቤቱ መጨናነቁን ብቻ የሚያይ ሰው ብቻውን ሊወስነው አይገባም።

በአንጻሩ ሁሉንም ማቆየትም ዕዳ አለው። የአርኪዮሎጂ ባልደረቦቼ ይህን ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። አንድ የቁፋሮ ወቅት በሺዎች የሚቆጠር የሸክላ ስባሪና የድንጋይ ፍላጭ ያወጣል። ሁሉም በከረጢት ይታሰራል፣ በካርቶን ይከመራል፣ ከጊዜ በኋላ የካርቶኑን ጽሑፍ ምስጥ ይበላዋል። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደ ወጣ የማይታወቅ ስባሪ ክብደቱ እንጂ ትርጉሙ አልተረፈም። ያን ካርቶን ለዘላለም ማቆየት መንከባከብ ይመስላል፤ በተግባር ግን ደኅነኛው ካርቶን ሊያርፍበት የሚገባውን መደርደሪያ ይነጥቃል።

ስለ ገንዘብ ብዙ አልናገርም። በምዕራቡ ዓለም የዚህ ክርክር ማዕከል ሽያጭ ነው። የእንግሊዟ የኖርዛምፕተን ከተማ ምክር ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. ሰኸምካ የተባለውን ጥንታዊ የግብፅ ሐውልት በ15.76 ሚሊዮን ፓውንድ በጨረታ ሸጠ፤ የከተማዋ ሙዚየሞችም የሙያ ዕውቅናቸውን ተነጠቁ፣ ከዕውቅናው ጋር የሚመጣውንም የድጋፍ ዕድል አጡ። በእኛ ዘንድ ፈተናው በዚህ መልክ አይመጣም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ከአገር እንዳይወጣ ይገድባልና ለንደን የሚጫረት የለንም፤ ቢያንስ በአደባባይ።

የእኛ ፈተና በቢሮ በር በኩል ነው የሚመጣው። ሙዚየሙ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አካል ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ደግሞ የንብረት አስተዳደር ሥርዓት አለው። ዕቃ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ያረጀው በንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ታይቶ በሐራጅ ይሸጣል ወይም ይቃጠላል። ይህ ሥርዓት ለወንበርና ለመኪና ጎማ የተበጀ ነው፤ ለዚያም መልካም ነው። አንድ ሙዚየም የራሱ የማውጫ መመሪያ ከሌለው ግን፣ «ይወገድ» የሚል ጥያቄ በተነሣ ቀን ሊከተለው የሚችለው ብቸኛ የተጻፈ መንገድ ይኸው ይሆናል። በንብረት መዝገቡ ላይ ደግሞ የሚታየው የግዢ ዋጋ ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት በጥቂት ብር የተገዛ የእንጨት መስቀል በሒሳብ ሠራተኛ ዓይን ዋጋው ካለቀ ቆይቷል። ሒሳብ ሠራተኛው አላጠፋም፤ የተሰጠው መለኪያ ይኸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ እንደሚገጥመኝ አውቃለሁ፤ ቀላልም አይደለም። ቅርሷ ለዘመናት ሲዘረፍባት በኖረች አገር «የማውጫ ሥርዓት ይበጅ» ማለት ለሌባ በር መክፈት አይደለምን? በደንብ ሽፋን የሚወጣው በጨለማ ከሚወጣው አይብስምን? ይህን የሚሉኝ ሰዎች የአገሪቱን ታሪክ ያውቃሉ። ለዚህ መልስ ስፈልግ ግን ደግሜ ወደ ለንደን ለመመልከት እገደዳለሁ፤ ማውጣትን እስከ መጨረሻው የመከልከል ውጤት እዚያ በግልጽ ይታያልና።

የ1963ቱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሕግ ባለአደራዎቹ ዕቃ የሚያወጡበትን ሁኔታ በጣም አጥብቧል፦ ድርብ ከሆነ፣ ከ1850 እ.ኤ.አ. ወዲህ የታተመና የፎቶ ቅጂው ያለ ከሆነ፣ ወይም በስብስቡ ውስጥ ሊቆይ የማይገባውና መውጣቱ የተማሪዎችን ጥቅም የማይጎዳ ከሆነ፤ ከዚህ በተጨማሪ በብልሽት ወይም በተባይ ከጥቅም ውጭ የሆነ ይወገዳል። በዚያው ሙዚየም 11 የኢትዮጵያ ታቦታት አሉ። ለቅድስናቸው ክብር ሲባል ማንም አያያቸውም፤ የሙዚየሙ ባለሙያዎች እንኳ አይገቡባቸውም። የማይታዩ፣ የማይጠኑ፣ የማይታተሙ ናቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. የቀረበ የሕግ አስተያየት «ሊቆይ የማይገባው» የሚለው ሐረግ ለእነዚህ ታቦታት ያገለግላል ብሎ ተከራክሯል። ሕጉ የተማሪዎችን ጥቅም መጥቀሱ እኛን ተማሪዎቹን ሊያስገርመን ይገባል፦ ማንም በማያየው ነገር የሚጎዳው ተማሪ ማን ነው? በዚያች ከተማ ያለው የብሔራዊ ጦር ሙዚየም ግን በ2019 እ.ኤ.አ. የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር በራሱ የበላይ አካል ውሳኔ መልሷል። ባለአደራዎቹ ክፉ ወይም ደግ ስለ ሆኑ አይደለም ልዩነቱ፤ አንደኛው የማውጣት ሥልጣን አለው፣ ሌላው «እጄ ታስሯል» የሚል መልስ አለው። እኛ በራሳችን ሙዚየሞች ይህን መልስ ለልጅ ልጆቻችን ማውረስ አለብን ብዬ አላምንም። በቤታችንም እኮ፣ ከየደብሩ በአደራ ወይም በድንገት ወደ መንግሥት ሙዚየም የገባ፣ ባለቤቱ ነገ መጥቶ የሚጠይቀው ንዋየ ቅድሳት ሊኖር ይችላል። ያን ጊዜ ምን ብለን እንመልሳለን?

ስለ ሌባውም መልሴ ይህ ነው። ሌባ መመሪያ አይጠብቅም። መመሪያ የሚጠብቀው፣ ተባይ የበላውን ጋሻ ምን ላድርገው ብሎ የቸገረው ቅን ሠራተኛ ነው። መመሪያ በሌለበት እርሱ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ሌባውን ይሸሽገዋል። የተቃዋሚዎቼን ስጋት ግን በአንድ ነገር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፦ ሽያጭ ይቅር። ገበያው ግልጽ ባልሆነበት፣ የዕቃውም የኋላ ታሪክ ገና ባልተጠናበት አገር የሙዚየም ዕቃ ለማንም፣ በምንም ዋጋ መሸጥ የለበትም። የምዕራቡ ደንብ ሽያጭን በጥንቃቄ ይፈቅዳል ተብሎ እኛ መቅዳት የለብንም። ማዛወር፣ መመለስ፣ ለመማሪያነት መለየትና የማይድነውን ማስወገድ ይበቁናል።

መመሪያው ረጅም መሆን የለበትም። ከሁሉ አስቀድሞ «ያልገባ አይወጣም» የሚል ቢሰፍርበት እመኛለሁ። ቁጥር የሌለው ዕቃ እንዲወጣ ሲታሰብ በመጀመሪያ ተመዝግቦ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ ከየት ሊመጣ እንደሚችል የሚያውቁ ሰዎች ተጠይቀው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ስለ መውጣቱ ይታሰባል። «ምዝገባው ሳያልቅ ስለ ማውጣት ለምን ይወራል» ለሚሉም መልሱ እዚህ ውስጥ ያለ ይመስለኛል፤ ምዝገባውን የሚያስገድደው ይኸው ነውና። ውሳኔው ሁለት ጊዜ ቢታይ፣ በሁለቱ መካከልም አንድ ዓመት ቢኖር መልካም ነው፤ በችኮላ ከሚወገድ ዕቃ ይልቅ ዓመት የሚጠብቅ ዕቃ ጠያቂ የማግኘት ዕድል አለው። ኮሚቴው ውስጥ ከንብረት ክፍሉ ሌላ ከሙዚየሙ ውጭ የሆነ አንድ ተመራማሪ፣ ዕቃው የአንድ ማኅበረሰብ ወይም ደብር ከሆነ ደግሞ የእነርሱ ሰው ይኑር። ዝርዝሩ በይፋ ይለጠፍ። ቁጥሩ ለሌላ ዕቃ ዳግመኛ አይሰጥ። በመዝገቡ ላይ ያለው ጽሑፍም በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ፤ ከሥሩ የነበረው ይነበብ።

የእኛም ድርሻ አለበት። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ2009 እ.ኤ.አ. ከስብስቦቹ የተወሰኑ ዕቃዎችን በዐውደ ርእይ አቅርቦ የትኛው ቢወጣ እንደሚሻል ጎብኚዎችን ጠይቆ ነበር። ድምፅ መስጠቱ የሙያውን ፍርድ ይተካል ብዬ አይደለም፤ ነገር ግን ጥያቄው በተማሪዎች ፊት መቅረቡ ተገቢ ነው። በየዩኒቨርሲቲው የባህል ማዕከልና ሙዚየም እየተከፈተ ባለበት በዚህ ጊዜ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለምርምሩ የሰበሰበውን ዕቃ ሲያስረክብ «ይህ ይቆይ፣ ይህ ለመማሪያ ይሁን፣ ይህ ለሰጠው ቤተሰብ ይመለስ» የሚል አንድ ገጽ አብሮ ማስረከብ ቢጠበቅበት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ያንን ካርቶን የሚከፍት ሰው ብዙ ድካም ይቀርለታል። የጥናት ክፍሎቻችን ይህን ነገ መጀመር ይችላሉ፤ አዋጅ አያስፈልገውም።

ወደዚያ የክልል ሙዚየም በሁለተኛው ዓመት ተመልሼ ሄጄ ነበር። ዕቃ ቤቱ ተጠርጓል፤ የተሰበረው መስታወትም ተነሥቷል፤ መደርደሪያዎቹ አዲስ ቀለም ተቀብተዋል። ጋሻው በቦታው የለም። የቀድሞው ጠባቂ ጡረታ ወጥተው አዲስ ሰው ተተክተዋል። በስልኬ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው። ረጋ ብለው ተመለከቱት፤ ከጠረጴዛቸው መሳቢያም የርክክቡን ቅጽ አውጥተው ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ተከተሉ። በቅጹ ላይ የሰፈሩት ቁጥር ያላቸው ዕቃዎች ብቻ ናቸው። «እኔ ስረከብ ይሄ አልነበረም» አሉኝ። ቅጹን አየሁት፤ እውነታቸውን ነው።